የሁለት እጅ ባና

ቅዳሜ፣ ሲነጋጋ፤ ደብረ ብርሃን

የበሬሳን ወንዝ ስንሻገር ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። አህያዬ ላይ የተጫነው የአልጋ ባና እንኳን ለቄስ ቤት ለቤተ መንግሥትም አያሳፍርም! በነጭ የበግ ጠጉር ላይ ሰፋፊ ጥቁር መደብ፣ በየጥቁሩ መሐል ቀይ የመጋዝ ጥርስ፣ እንደገና ነጭ፣ እንደገና ጥቁር፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ። ቀዩን ማግ ከአልዩ አምባ ነጋዴ በአሞሌ ነው የገዛሁት። ከሩቅ የማይታይ ጥለት ምኑን ጥለት ሆነ?

ጉዞው ወደ አንኮበር ነው፤ ልጄ ውድነሽ ዘንድ። የቄስ ቤት ምራት ከሆነች ዓመት አልፏታል፤ አማቷ እመት አሰገደች ግን አንድ ቀን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «የሸማኔው ልጅ» ነው የሚሏት። ነገ የልጅ ልጄ ክርስትና ነው። ውድነሽ በመንገደኛ አፍ፣ «አባዬ፣ ሰው ሁሉ በሚመጣበት ቀን አልጋዬ ላይ የማነጥፈው ይዘህልኝ ድረስ፤ አፋቸውን የሚያስይዝ ይሁን» ብላ ላከችብኝ። ይኼን ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው የትኛው አባት ነው!

ጊዜው ስላጠረ ሥራውን ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ተክሌ ጋር ተካፈልን። ባና በሁለት ቁራጭ ተሠርቶ መሐሉ ላይ ነው የሚሰፋው፤ አንዱን ቁራጭ እሱ በቤቱ፣ አንዱን እኔ በቤቴ ሠራን። እሱ የጨረሰው ዛሬ ዶሮ ሲጮኽ ነው። ስለዚህ ሳንሰፋው አንዱን በአህያው ግራ፣ አንዱን በቀኝ ጭነን ወጣን።

«ገጥመን አይተነው ብንሄድስ?» አለኝ ጋሼ።

«ምኑ ይታያል? ሁለታችንንም ያስተማረን አንድ አባት! መንገድ ላይ እንሰፋዋለን» አልኩት።

ቅዳሜ፣ ቀትር፤ መንገድ ላይ

ሜዳው አያልቅም። ገብስ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ ደግሞ ገብስ። ከአንኮበር የሚመለሱ የጨው ነጋዴዎች አገኘን። ስለ ከተማው ስንጠይቃቸው፣ «ንጉሡ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ምን ከተማ አለ! ቀዝቅዟል» አሉን።

ፀሐይ ስትበረታ እትዬ ብሬ ከሚባሉ ባልቴት ደጅ አረፍን። «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» ብለው ቆሎና ጠላ አቀረቡልን። እኛም ሁለቱን ቁራጭ ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋን።

ራስጌው ላይ ጥቁር ከጥቁር፣ ነጭ ከነጭ ልክክ አለ። ወረድ ስንል ጥቁሩ ጣት ያህል ተንሸራተተ። መሐሉ ላይ ስንደርስ፣ ወይ ጉድ! የኔ ጥቁር ከጋሼ ነጭ ጋር ተፋጧል። ከዚያ ወዲያ እየተቀራረበ ሄዶ ግርጌው ላይ ተመልሶ ገጠመ። ቁመታቸው እኩል ነው፤ የኔው ግን በአንድ ጥቁር መደብ ይበልጣል።

ወዲያው ገባኝ። ሁለታችንም በየመደቡ እኩል ማግ ነው ያስገባነው፤ ነገር ግን እኔ ማጉን ስመታ አጠብቃለሁ፣ ጋሼ ደግሞ እጁ ለስላሳ ነው። የኔ መደብ ጠበበ፣ የሱ ሰፋ።

«ምነው እንዲህ አላላኸው!» ብዬ ጮኽኩበት።

«አንተ ነህ እንጂ ጠላትህ ይመስል የምትቀጠቅጠው!» አለኝ።

«ኧረ በማርያም! የምትሄዱት ለክርስትና ነው ለጠብ?» አሉ እትዬ ብሬ።

አፈርኩ። እመት አሰገደች ሰው ፊት ያንን ስፌት ሲነካኩት፣ ልጄ ደግሞ አንገቷን ስትደፋ ታየኝ። አንፈታው ነገር ቀን የለም፤ በግማሽ ባና ደግሞ አልጋ አይለብስ። ተኳርፈን ሰፋነው፤ እኔ ከራስጌ፣ እሱ ከግርጌ፣ እየሰፋን መሐል ላይ ተገናኘን።

እሑድ፣ ረፋድ፤ አንኮበር

ማታ ጉም መንገዱን ስለዘጋው ከከተማው በመለስ አድረን፣ የደረስነው ሕፃኑ ተጠምቆ ሲመለስ ነው። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፤ ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሷል። እመት አሰገደች በገዛ እጃቸው ባናውን ተቀብለው አልጋው ላይ ዘረጉት። ጥቁሩና ቀዩ ቤቱን ሞላው። «እሰይ!» አለ አንድ ሰው ከበሩ በኩል።

እመት አሰገደች ግን ጎንበስ ብለው ስፌቱን በጣታቸው ይከተሉ ጀመር። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኼ አልገጠመም» አሉ።

እኔ ጋሼን በጎን አየሁት። ጋሼ ተክሌ መሬት መሬት ያያል።

ውድነሽ ልጇን እንደታቀፈች ተነሣች። ባናውን ከራስጌ እስከ ግርጌ አየችው፤ እኔን አየችኝ፣ ጋሼን አየችው። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«እመቴ፣ በዚህ በኩል ያለው አባዬ ነው፤ በዚያ በኩል ያለው ጋሼ ተክሌ ነው» አለች፣ ጣቷን ራስጌው ላይ አሳርፋ። «እዚህ ጋ ተስማምተው ጀመሩ።» ጣቷ ወደ መሐል ወረደ። «እዚህ ጋ ተጣሉ።» እስከ ግርጌው ወሰደችው። «ይኸው፣ ታረቁ!»

እንግዳው በሳቅ አወካ። እመት አሰገደች መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፣ ኋላ ግን አልቻሉም፤ ሆዳቸውን ይዘው አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አሉ።

«ውድነሽ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ውድነሽ፣ በሞቴ፣ ለኔም እንዲህ ያለ ይሥሩልኝ በያቸው። ጠቡም እርቁም አይቅርብኝ!»

ሁለት ጊዜ በስሟ ጠሯት። ልጄ ሰምታ እንደሆነ ለማየት ቀና አልኩ፤ ከንፈሯን ነክሳ ሕፃኑ ላይ አቀረቀረች። ሰምታለች።

ሰኞ፣ ሲመሽ፤ ደብረ ብርሃን

በሬሳን መልሰን ስንሻገር አህያው ባዶውን ይዘላል። ጋሼ ተክሌ አህያውን እየነዳ፣ «የሴትዮዋን ባና እንዴት አድርገን እንሥራው?» አለኝ።

«አንተ እንደለመድከው አላላው፣ ጋሼ» አልኩት። «እኔም እንደለመድኩት እቀጠቅጠዋለሁ።»