የእህል ቤት ድመት ቀለብ፤ እርጥብ ወይስ ደረቅ

ቡሬ ከአያ ይማም እህል ቤት የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ ድመት መቀለብ ነበር። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንለው፣ ያኔ ስሙ ሌላ ከነበረው አገሬ በእግሬ ስመጣ ጆንያ እሸከማለሁ ብዬ ነበር። ከትከሻዬ በቀር የማሳየው ሙያ አልነበረኝም። ዘመኑ የጣሊያን ነው።

አያ ይማም ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ስንት ጆንያ ትሸከማለህ?»

«አንድ። ከተገደድኩ ሁለት።»

«ድመትስ?»

«ድመትማ ማን ያቅተዋል?»

«ተሸከማት አላልኩህም። ትቀልባታለህ። ከአንተ በፊት የነበሩት ሥራውን ናቁት፤ አይጥ ግን እኛን አልናቀንም።»

በእህል ቤት ማዕረግ አለ። ከላይ ባለቤቱ፣ ቀጥሎ ቁና ይዞ የሚለካው ሰፋሪ፣ ከዚያ ተሸካሚ፣ ከተሸካሚ በታች ድመቷ። እኔ ከድመቷ በታች ጀመርኩ። ስሟ ዳልቻ ነበር፤ መልኳም እንደ ስሟ።

ያን ዓመት ከንግዱ እህል ሌላ ቤቱ ውስጥ አደራ ተቀምጦ ነበር። ጣሊያን «አርበኛ ታበላላችሁ» እያለ ገጠሩን ሲያቃጥል፣ ከከተማው ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ መንደር የመጡ ሰዎች የጤፍ ዘራቸውን በአህያ ጭነው አያ ይማም ዘንድ አኖሩ። ይህን የመከሩት እመት ዘነቡ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። «ቡሬን አያቃጥላትም፤ ራሱ ይኖርባታል» አሉ። ልክ ነበሩ። አይጡን ብቻ አላሰቡትም። ያ ዘር ሐምሌ ላይ መሬት ካልገባ መንደሩ ለከርሞ የሚበላው የለውም።

መጀመሪያ የማበላት እርጥብ ነበር። ጠዋት ወተት ውስጥ እንጀራ እፈተፍትላታለሁ፤ ማታ ከሥጋ ቤት የለመንኩትን ሳንባ እቆርጥላታለሁ። ጣባዋን ከጆንያዎቹ መካከል አኖርኩ፤ ሥራዋም እዚያው አይደል ብዬ። በላች፣ ሆዷ ሞላ፣ ጆንያ ላይ ተጋደመች። የተረፈው ወተት ኮመጠጠ፤ ጉንዳን ወረደበት። አንድ ቀን ጣባው ተገልብጦ የአንዱ ጆንያ ግርጌ ሻገተ። ደግነቱ የአደራው ጤፍ ሳይሆን ባቄላ ነበር።

አያ ይማም የሻገተውን በጣታቸው ፈልፍለው አሸተቱ።

«ቸኮል፣ ቀለቡ የማን ነው? ድመቷ ተኝታለች፤ የሚበላው ጉንዳን ነው።»

«ጥጋብ ሆነባት መሰለኝ፣ አያ።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ደረቅ ብቻ። እርጥብ ነገር በዚህ ደጃፍ እንዳይገባ።»

ያኔ የታዘዝኩትን ቃል በቃል የምፈጽም ሰው ነበርኩ። የውሃ ጣባዋንም አወጣሁት።

ሰሞኑ ቅበላ ነበር። እኛ ክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያለንን ሥጋ እንጨርሳለን፤ የተረፈ እስከ ፋሲካ አይነካም። በማድርበት ቤት ጣራ ሥር አንድ ሁለት ዘለላ ቋንታ ተርፎ ተሰቅሏል። ደረቅ ነው፤ እኛ አንበላው፤ ድመት ደግሞ ጾም የለባት። በራሴ ብልህነት እየተደነቅኩ ሰባብሬ አቀረብኩላት። የዘነጋሁት ቋንታችን በበርበሬና በጨው ታሽቶ እንደሚሰቀል ነው።

ዳልቻ አሸተተች፣ አነጠሰች፣ ቀና ብላ አየችኝ። ረሃብ ነውና በላችው። ከዚያ የውሃ ጣባዋ ወደነበረበት ቦታ ሄዳ መሬቱን ላሰች። በሦስተኛው ቀን ጠፋች።

ፈልጌ ያገኘኋት ከመንገዱ ማዶ፣ ከጣሊያኖቹ የስንቅ መጋዘን ደጃፍ ነው። ከቆርቆሮ ሥጋ ትበላለች። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ጨው ሻጮቹ ሳልፍ ይጠሩኛል።

«ቸኮል! ድመታችሁ ባንዳ ሆነች አሉ?»

«ምን ታድርግ፣ በርበሬ አብልቷት!»



ሳምንት ሳይሞላ አይጡ ጆንያ ቀደደ። በገበያ ቀን እመት ዘነቡ አደራቸውን ሊያዩ መጡ። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቀዳዳ ገባ። ጤፉ በጣታቸው ዙሪያ ፈሰሰ። ጣታቸውን ሳያወጡ ወደ አያ ይማም ዞሩ።

«አያ ይማም፣ ሐምሌ ሲመጣ ቀዳዳውን ነው የምንዘራው?»

«አፈርኩ፣ እመት። ምን ልበልዎት?»

«ምንም አይበሉኝ። እስከ ፋሲካ አያለሁ። ካልሆነ ከመንደራችን ዋሻ አስገባዋለሁ።»

ዋሻው ውሃ ያንጠባጥባል። ከዚያ የገባ ጤፍ ሐምሌን ሳያይ እንደሚበቅል እሳቸውም ያውቁታል። አያ ይማም እኔን አልተቆጡኝም። «ያወጣሃት አንተ ነህ፤ የምትመልሳትም አንተው ነህ» ብቻ አሉኝ።

በጾም እንቁላል የሚበላ የለም፤ ዶሮ ግን ጾም አታውቅም። ስለዚህ እንቁላል ይረክሳል። ጣሊያን ደግሞ እንቁላል ይወዳል። ከጭድ ጋር በቅርጫት ሞልቼ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ጠባቂው አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ወታደር ነው፤ አጠገቡ አስተርጓሚ ቆሟል።

«ድመቷ የእኛ ናት» አልኩ።

አስተርጓሚው ነገረው፤ መልሱንም ነገረኝ። «አልሰረቅኳትም፣ በገዛ ፈቃዷ ነው የመጣች ይላል። ደግሞ ለምን ፈለጋችኋት? ምን እህል አላችሁ ይላል።»

የዚያን መንደር ዘር ማስቀመጣችን ቢታወቅ ዘሩም ይወረሳል፣ እኛም አንተርፍም።

«ባቄላ» አልኩ፣ «ትንሽ ባቄላ።»

አስተርጓሚው አየኝ። ጤፍ መሆኑን ቡሬ በሙሉ ያውቃል። ዞር አለና ከባቄላ በጣም የረዘመ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጣሊያኑ ሳቀና እንቁላሉን ተቀበለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዳልቻን እያየሁ ነበር። ከሥጋው ጥቂት ቀመሰችና ተወችው። ቀጥሎ ደጃፉ ላይ ወዳለው የውሃ ባልዲ ሄዳ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጠጣች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሄደችው ሥጋ ፍለጋ አልነበረም።

ጣሊያኑ ድመቷን ፈቀደልኝ፤ አንድ የሥጋ ቆርቆሮም ጨመረልኝ። ለአያ ይማም ባሳያቸው፣ «የምን ሥጋ ነው?» አሉ። «አላውቅም» አልኩ። «የማላውቀው ሥጋ ቤቴ አይገባም።» እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ እኔም ጾም ላይ ነኝ። እኔና እሳቸው በሥጋ ጉዳይ የተስማማነው ያን ቀን ብቻ ነው። ቆርቆሮው ወደ መጣበት ተመለሰ።

ቀለቡን እንደ አዲስ ደለደልኩት። ሳንባ ከሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት አመጣለሁ፤ ግማሹን በቀጭኑ ተልትዬ ጨውም በርበሬም ሳይነካው አደርቀዋለሁ። ይህን ከገብስ ቂጣ ፍርፋሪ ጋር እህል ቤቱ ውስጥ አኖርላታለሁ፤ አይሸትም፣ አይፈስም። ጥሬውን ደግሞ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አንድ እፍኝ ብቻ፣ ከደጃፉ ውጭ። በልታ ስትጨርስ ጣባውን በአመድ አጥቤ እደፋዋለሁ። ውሃው ከጆንያዎቹ ርቆ ድንጋይ ላይ፣ ሁልጊዜ ሙሉ። በጾም ሳንባ መቁረጡ ከንክኖኝ የነፍስ አባቴን ጠየቅኩ። «መቁረጡ አያስገድፍም» አሉኝ፣ «ጣትህን አትላስ።»

ዳልቻን በቅርጫት አምጥቼ ፈታኋት። ጠጣች፣ ከደረቁ ቀመሰች። በማግስቱ ጠዋት ግን የለችም። መንገዱን ተሻግራለች። አያ ይማም ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ደጃፉን አዩ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሳንባውን ይዤ ወጣሁ። ከማዶ ስትመጣ አየኋት፤ አልተጣደፈችም። እፍኟን በልታ፣ አፏን ጠራርጋ፣ ገብታ እህል ቤቱ አደረች። ከዚያ ወዲያ ቀን ጣሊያን ዘንድ፣ ማታ እኛ ዘንድ ሆነች። በዚያ ዘመን እንዲህ የኖረ ሰው ብዙ ስለነበር የፈረደባት የለም። ጨው ሻጮቹም ተዉኝ።

ደብረ ዘይት ባለፈ ሳምንት ማዶ መሄዷን አቆመች። ታመመች ብዬ ከጆንያዎቹ ኋላ ብመለከት አራት ግልገሎች ታጠባለች። ለካ በጥጋብ የከሰስኩት ሆዷ ይኸ ኖሯል። አርግዛ ሳለ ነው ውሃ የከለከልኳት። ያን ቀን ወተቱን መልሼ ጀመርኩላት፤ ከደጃፉ ውጭ።

እመት ዘነቡ ለፋሲካ ዋዜማ ገበያ መጡ። እንደ ልማዳቸው እያንዳንዱን ጆንያ ዳሰሱ። የቀድሞው ቀዳዳ ተሰፍቷል፤ አዲስ የለም። ጥግ ላይ ሲደርሱ ዳልቻ ተቆጣቻቸው። እጃቸውን ሰበሰቡና ሳቁ።

«ዋሻው ይቅር። ይቺ ከዋሻው ትሻላለች።»

ሰኔ መጨረሻ ላይ የመንደሩ ሰዎች በአህያ መጥተው ዘራቸውን ጫኑ፤ ሐምሌ ላይ ተዘራ። እመት ዘነቡ ከጆንያ በላይ አንዲት ግልገል በቅርጫት ይዘው ሄዱ።

«ምን ላብላት፣ ቸኮል?» አሉኝ ከመሄዳቸው በፊት።

የነገርኳቸውን ዛሬም ለእህል ነጋዴ ሁሉ እነግራለሁ። እርጥቡን ከቤቱ ውጭ፣ ማታ፣ በትንሹ። ደረቁን ከውስጥ፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካው። ውሃ ሁልጊዜ። አለቃችሁ «እርጥብ አይግባ» ያላችሁ እንደሆነ ደግሞ፣ ውሃንም ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም ነበር።