የአባባ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል

ባሕር ዳር ብቻዬን ስኖር፣ ከሥራ ስገባ የሚደውልልኝ ሰው አባባ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ቆላ ድባ የሚኖሩ የቅኔ መምህር ናቸው። በገዛሁላቸው ላፕቶፕ ከመምህራቸው የተቀበሉትን ቅኔ ይጽፋሉ፤ ታዲያ አንድ ነገር ሳይጠፋባቸው አይውልም። «ፊደሉ አንሶብኛል»፣ «ገጹ ወዴት እንደገባ እንጃ» ነው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። መንገዱም አስቸጋሪ ስለሆነ እንደ ድሮው በሐሙሲት አድርጌ እሳቸው ዘንድ ብቅ አልል። በስልክ «በቀኝ በኩል ይጫኑ!» እያልሁ መጮህ ሰለቸኝ።

አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ እዚሁ ሆኜ ኮምፒውተራቸውን ከፍቼ የማስተካክልበትን መላ አበጀሁ። የቀረው የይለፍ ቃል ማውጣት ነበር፤ እሱም ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ በእጅ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ነው። ትእዛዙን በስልክ ፊደል በፊደል ነገርኋቸው፤ ጻፉት። ከዚያ የይለፍ ቃሉን ነገርኋቸው።

«ቆይ፣ ልያዘው» አሉ። ኧረ ምኑ ቅጡ! እንደ ቃል ትምህርት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደጋገሙት። ከኋላቸው ተማሪዎቻቸው ተቀብለው ሲሉት ሰማሁ።

«ኧረ አባባ! ምስጢር ነው እኮ!»

«ሳልለውማ በምን ይያዝልኛል?»

ተማሪዎቹ ወጡ፣ እኔም ሌላ ቃል አወጣሁ። አባባ ሊጽፉት ሞክረው «አሁንስ ጨርሶ አይጽፍም፤ ተበላሸ» አሉ። «እየጻፈ ነው፤ ሰው እንዳያየው ደብቆት ነው» አልሁ። «አሃ፣ ጨዋ ነው» አሉ። ያንኑ ቃል ደግሞ አስጻፋቸውና ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ ሳይነግሩኝ ሁሉን አስተካክል ጀመር። ፊደሉን አጎላለሁ፣ የጠፋውን ገጽ እመልሳለሁ። የሚያስደውላቸው ነገር ሲጠፋ ስልኩ ዝም አለ። ሰው ማስቸገር አይወዱም፤ ጉዳይ ከሌላቸው አይደውሉም። እኔስ ምን ብዬ ልደውል? አባቴን «ናፈቁኝ» ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። እናም ኔትወርኩ ሲፈቅድ የእሳቸውን ገጽ ከፍቼ፣ ፊደሎቹ አንድ አንድ እያሉ ሲወጡ እያየሁ ብቻዬን እራቴን እበላለሁ። ድምፃቸው ግን ክፉኛ ናፈቀኝ።

አንድ ቀን ልገባ ብል ቃሉን አልቀበልም አለኝ። ደግሜ ብጽፍም ያው ነው። ደንግጬ ደወልሁ።

«አባባ፣ ደህና ነዎት? ኮምፒውተሩ አላስገባ አለኝ።»

«ደህና ነኝ። ቃሉን እኔ ነኝ የቀየርሁት።»

«እርስዎ? በጥቁሩ መስኮት?»

«ያን ጊዜ ያልኸኝን ይዤው የለ?»

«እኮ ለምን?»

«ከዘጋሁብህ ትደውላለህ ብዬ ነዋ።»

እንባዬ መጣ። ደህና የሆንሁ መስዬ «በሉ፣ አዲሱን ይንገሩኝ» አልኋቸው።

«ነገ ደውል፣ እነግርሃለሁ» አሉኝ።