ጫማ በመያዣ

ሌባ እንዲህ የሚፈሩ ሽማግሌ በሌሊት ፍራንክፈርትን ሊጎበኙ ለምን ወጡ? በዚያ ሲያልፍ ያያቸው መልከጼዴቅ ሊገባው አልቻለም። የማይን ወንዝ ድልድይ ላይ ቦርሳቸውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው፣ ካልሲያቸው በወተፉት ገንዘብ አብጦ፣ አላፊ አግዳሚውን በዓይናቸው ይፈትሻሉ።

«አባባ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» አላቸው በአማርኛ።

«ያገር ልጅ ነህ? እሱማ ይብሳል! ስልኬን ከፈለግህ አንድ ጫማህን በመያዣ አምጣ።»

አውልቆ ሰጣቸው። ብብታቸው ውስጥ ወሸቁት።

«ያ መብራት የበራበት የባንክ ፎቅ ይግባልኝ። ልጄ እዚያ ታጸዳለች፤ እናቷ ግን ‹የባንክ ሹም ሆነች› ብላ ለመንደሩ አውርታለች። ነገ ያለ ፎቶ ብመለስ ጉዴ ይፈላል።»

ፎቶውን አይተው ሳቁና ጫማውን መለሱለት። ልጃቸውን ሊጠብቁ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ቦርሳውን አጠገባቸው በተቀመጠው በመልከጼዴቅ ጭን ላይ ጣሉት። «ዓይንህን እንዳትነቅል!» አሉትና ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።