በሰንሰለት የታሰረው ቢላዋ

ባሌ ሥጋ ቆራጭ ነው። እጁ ፈጣን ስለሆነ የሰፈሩ ሰው «ምላጩ» ይለዋል። በሬውን መንጠቆ ላይ ሰቅሎ፣ ጎድኑን በመጥረቢያ ፈልጦ፣ እስከ ክርኑ ደም ነክሮት ሲወጣ ላየው ሰው ያስፈራል። ቤት ሲገባ ግን ዝንብ እሽ አይልም። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ክፉ ተናጋሪዋ እኔ ነኝ፤ ጠይቁት፣ ይመሰክራል።

ነገሩ የጀመረው ልጃችን ሰባት ዓመት በሞላት ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሥጋ ቤቱ ጎራ ብላ፣ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ሥራውን ታይ ነበር። እሱ ጅማት እየገፈፈ ሳለ፣ ቢላዋው አንገቷ ውስጥ ሲገባ በሐሳቡ ታየው። ደሙ ሲፈናጠቅ፣ ዓይኗ ሲገለበጥ፣ ጣቶቿ ጠረጴዛውን ሲቧጥጡ ሁሉ ታየው። ቢላዋውን ጥሎ ጓሮ ሮጠና አስመለሰው።

በማግስቱም መጣበት። ከዚያ በቀን አምሳ ጊዜ። ሌላ ሰው ክፉ ሐሳብ ውል ሲልበት «ምን ነካኝ» ብሎ ያልፋል። እሱ ግን «እንዲህ የማስብ ምን ዓይነት አውሬ ነኝ?» ብሎ ሙጭጭ አለበት። ቢላዋውን ከመቁረጫው ግንድ ጋር በአጭር ሰንሰለት አሰረው፤ ከጠረጴዛው ማዶ እንዳይደርስ። ደንበኞች «ሌባ በዛ እንዴ?» ሲሉት «በዛ» ይላል።

ሁሉን ሲነግረኝ የቤቱን ቢላዋዎች እኔው ደበቅኩለት። ሽንኩርት የምከትፈው ጎረቤት ሄጄ ነበር፤ አይ ትዳር። ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የልጅቷን አንገት ያያል፤ ቀጥሎ እኔን ይጠይቃል።

«ነክቻታለሁ?»

«አልነካሃትም።»

«ረስቼው ቢሆንስ?»

«እናቴ ትሙት፣ አልነካሃትም።»

ፊቱ ፈታ ይላል። እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ ግን ተመልሶ ይጠይቃል። እናቱ ደግሞ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ትለዋለች። ይህን ተረት ያወጣውን ሰው ባገኘው በባሌ መጥረቢያ ነበር የማናግረው።

አንድ እሑድ ጠዋት ልጅቷ መኝታ ቤት ተኝታለች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ መዳፎቹን እያገላበጠ ያያል። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁት። አልፌው ገባሁና በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰማ።

ሥጋ ቤቱ ሄዶ ሰንሰለቱን በመጥረቢያ በጠሰ። ቢላዋውን በሽርጡ ጠቅልሎ ፖሊስ ጣቢያ ገባና «ልጄን ሳልገድል እሰሩኝ» አላቸው። ሽርጡ ደም ነው። ሁለት ፖሊሶች ወለሉ ላይ ደፍተው ጀርባውን በጉልበት ተጫኑት፤ የፊት ጥርሱ ተሰበረ።

«ማንን ወጋህ?» አለው አለቃቸው።

«ማንንም። እንዳልወጋ ፈርቼ ነው።»

አለቃው ራሱን አከከ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላከው።

ፖሊስ ደውሎልኝ ሆስፒታል ደረስኩ። የአእምሮ ሐኪሟ እኔ ባለሁበት ብዙ ጠየቀችው። በመጨረሻ «ሐሳቡ ደስ ይልዎታል?» አለችው።

በጥፊ የተመታ መሰለ። «ብሞት ይሻለኛል።»

«ይህ የታወቀ ሕመም ነው» አለች። «ሐሳቡ ሳይጠሩት ይመጣል፤ የሚመጣውም በሚወዱት ላይ ነው። ሰንሰለቱ፣ አንገት ማየቱ፣ ጥያቄው፣ ለጊዜው ያሳርፉዎታል። ሕመሙ የሚፋፋው ግን በእነሱ ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎም በማሉለት ቁጥር ይቀልቡታል።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ትገድላታለህ ልበለው?»

«‹አላውቅም› ይበሉት። እርግጠኛ ሳይሆን መኖር ይልመድ።»

መድኃኒቱን በየቀኑ ዋጠ፤ እስኪሠራ ሳምንታት ፈጀ። ሐኪሟ ያዘዘችው ልምምድ ግን ከመድኃኒቱ የመረረ ነበር። መጀመሪያ ያን ሐሳብ በእጁ ጽፎ፣ ደሙና ጣቶቿ ሳይቀሩ፣ ጮክ ብሎ እስኪሰለቸው አነበበው። ቀጥሎ ወንበር ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ፤ ቢላዋ ይዞ ከኋላዬ ቆመ። ላቡ ማጅራቴ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ነክቼሻለሁ?»

«አላውቅም።»

ግድግዳውን በቡጢ ነረተው። ጣቶቹ ተልጠው ደም በደም ሆኑ። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ፤ ከመውለድ የባሰ ምጥ ነበር። በማግስቱ እንደገና ተቀመጥኩ፤ በሳልስቱም። ከጊዜ በኋላ ግድግዳው ዕረፍት አገኘ።

የመጨረሻው ልምምድ ልጅቷን፣ ቢላዋውንና እሱን አንድ ክፍል ትቼ መውጣት ነበር። በአሥረኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ብርቱካንና ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በሩን ዘጋሁ፤ ቁልፉን ግን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

«አባዬ፣ ላጥልኝ» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ስንት ሳምንት «አላውቅም» ስለው አፌ ነበር የሚናገረው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግን የእውነት አላውቅም ነበር። ይህ ሰው ይህን ሁሉ ወር በየደቂቃው የተሸከመው ይህን ነው ለካ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ስለ ቆለፍኩበት በር ጭምር።

በሩ ሲከፈት ልጅቷ አገጯ ድረስ ጭማቂ ተቀብታ ወጣች። ሳላስበው ይዣት አንገቷን ቀና አድርጌ አየሁ። ግራውን፣ ቀኙን። ቀና ስል እሱ ቢላዋውን እንደያዘ ያየኛል።

«ደህና ናት?» አልኩት።

የተሰበረ ጥርሱ እስኪታይ ፈገግ አለ።

«አላውቅም» አለኝና ሁለተኛውን ብርቱካን አነሳ።