ሾላ ያሳደጋት ባቡር

ሚኒባሱ ሰው ጢም ብሎበት ሳለ ጮክ ብዬ፣ «ወራጅ አለ! ባቡር ጣቢያው ጋ!» አልኩ።

ይህን ያልኩት ድሬዳዋ ቢሆን ምን ነበረበት። ነገሩ የሆነው ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ግራ ቀኙ ቡና፣ ከቡናው በላይ ጥላ ዛፍ፣ ከዛፉ በላይ ጉሬዛ። ባጃጅ እንኳ ሚዛን ከገባች ገና የወንበሯ ላስቲክ ያልተላጠበት ጊዜ ነበር። ረዳቱ በሩን እንደያዘ ዞሮ አየኝ።

«አባባ፣ ባቡር ጣቢያውን እኮ አልፈነዋል። ወደቡ ጋ ላውርድዎት?»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ከኋላ ዶሮ ያቀፈ አንድ ሰውዬ፣ «ለእኔም ትኬት ይቁረጡልኝ!» ብሎ ጨመረበት። ባለቤቴ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን እስከ አፍንጫዋ ሸፈነችና አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት፣ «አላውቀውም፤ እዚሁ መኪና ውስጥ ነው የተገናኘነው» አለቻት።

ከወረድን በኋላም ሳቁ አቧራውን ተከትሎ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ አፌን ያዳለጠው ልጅነቴ ነው። ያን ቦታ ያኔ ሁላችንም የምንጠራው እንደዚያ ነበር።

አባቴ እዚያ በአንድ ፈረንጅ የቡና እርሻ ዘበኛ ነበር። ፈረንጁ ከቡና መፈልፈያው እስከ ማስጫው አልጋ ድረስ ቀጭን ሐዲድ አዘርግቷል። ታጥቦ የወጣውን ቡና በትንንሽ የቆርቆሮ ፉርጎ ጭነው ሠራተኞቹ እየገፉ ያደርሱታል። ሞተር የለ፣ ጭስ የለ። እሑድ ሥራ ሲቆም ግን ፉርጎዎቹ የእኛ የልጆቹ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ባቡር ናቸው። ቁልቁለቱን ስንለቀቅ ቡናው ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ሆዳችን ወደ ላይ ይወጣል። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስለነበር ፉጨቴ ቀጭንና ረጅም ነው፤ በዚህም የተነሣ የባቡሯ ጡሩምባ ሆኜ ተሾምኩ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁት ሹመት ሁሉ ከዚያ ያነሰ ነው።

ይህን ለባለቤቴ ያላወራሁበት ክረምት የለም፤ እሷም ያመነችበት ክረምት የለም። አልፈርድባትም። በጫጉላችን ሰሞን አንበሳ ገድያለሁ ብያት ነበር። ኋላ ወንድሜ አንበሳው ጅብ መሆኑን፣ ጅቡንም የገደለው የጭነት መኪና መሆኑን ነገራት። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ደን ውስጥ ባቡር ነድቻለሁ ሲል ማን ይሰማዋል?

ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። አባትና እናቴ ቀድመውት ሄደዋል፤ አብረውኝ ያደጉት የት እንደገቡ አላውቅም። ያቺን ባቡር አይቻለሁ የሚል ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ፤ ራሴን ደግሞ እኔም አላምነውም። ዕድሜ ልኩን ሲፈጥር የኖረ ሰው ይህችንም ፈጥሯት ቢሆንስ? እሷ ከሌለች ላይዋ ተቀምጦ ሲያፏጭ የነበረው ልጅስ የት ሊገኝ ነው? አንድ ቀን ምሳ ላይ ይህንኑ ሳጉረመርም ባለቤቴ፣ «ሄደን እንይና ይለይልህ፤ አለዚያ እንዲሁ እንደነዘነዝከኝ ልትሞት ነው» አለች። የመጣነው በዚህ ነው።

መንገዱን አውቀዋለሁ ብዬ መራኋት። ሁለት ጊዜ እዚያው የወደቀ ግንድ ጋ ተመለስን። በሦስተኛው ባለቤቴ ግንዱን፣ «እንደምን ዋልክ» አለችው። ደግነቱ ከእንሰት ጓሮ አንዲት ጎልማሳ ሴት ቢጫ ጀሪካኖች አንጠልጥላ ብቅ አለች። የአገሩ ተወላጅ፣ የሸኮ ሰው ናት፤ አማርኛዋ የራሱ ዜማ አለው። ባቡር የሚለውን ቃል ከሚኒባሱ ሳቅ ወዲህ ፈርቼው ስለነበር፣ «እዚህ አካባቢ... የብረት መንገድ ነገር ነበር?» አልኳት።

«ብረት? አለ። ዛፍ በላው» አለች። «ኑ።»

ተከተልናት። ቡናው አለቀና ድንገት ብርሃኑ ቀነሰ። ቀና ስል ሾላ ነው፤ የሦስት ሰው እቅፍ የማይበቃው ሾላ። እኔ ልጅ ሳለሁ በዚያ ቦታ ላይ ሾላ አልነበረም። ከግንዱ ወገብ ላይ ደግሞ አንድ የቆርቆሮ ጥግ ብቅ ብሏል። ፉርጎ ናት። ወፍ የጣለችው ዘር ሳይሆን አይቀርም፣ ውስጧ በቀረው ገለባና አፈር ላይ በቅሎ፣ ሥሩን በጎንና በጎኗ ወደ መሬት አውርዶ፣ ሥሩ ሲወፍር ግንድ ሆኖ አቅፏታል። አቅፎም አልቀረ፣ ከሐዲዱ ላይ አንሥቷታል። አንዱ መንኮራኩሯ ጉልበቴ ትክክል አየር ላይ ቆሟል። ዝገቱ መሀል አረንጓዴው ቀለሟ፣ የጣት ጥፍር የምታህለው፣ ገና አለች።

የልጅነት ነገር አርጅተህ ስታየው ያንስብሃል ይላሉ። ልቤን ለዚያ አዘጋጅቼው ነበር። እሷ ግን አድጋ ጠበቀችኝ። እኔ ጎበጥኩ፣ እሷ ከፍ አለች። ከላይዋ ያ ሁሉ ቅርንጫፍ ሰማዩን ዘግቶ፣ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩናል። ሳላስበው ባርኔጣዬን አውልቄ ነበር። ባለቤቴም እጇን ዘርግታ መንኮራኩሩን ነካችው፤ «እመቤቴ» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ ዝም። እሷ ዝም ማለቷ ለእኔ ከሾላው የማያንስ ተአምር ነው።

አልቆየም። «እሺ፣ ብረቱን አየሁ» አለች። «ብረቱ እውነት ነው። አንተ ተቀምጠህባት እንደነበር ግን በምን ላውቅ? የሰው ባቡር በአጥር አጮልቀህ አይተህ የኔ ናት ብለህ ይሆናል።»

ልስቅ ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። ልክ ናት። ብረቱ ለብረቱ እንጂ ለእኔ አይመሰክርም።

ሴትየዋ ፊቴን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «ሌላ አለ። የኔ ነው» ብላ ወደ ዛፉ ጀርባ ወሰደችን። እዚያ ሾላው ያልደረሰበት ሐዲድ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል። ላዩ ላይ ጎኗ ሁሉ ወልቆ መንኮራኩሯ ብቻ የቀረ ፉርጎ፣ ሳንቃ ተመትቶባት፣ ቆማለች። ውኃ ትቀዳባታለች። «ልጆቼም ይጫወቱበታል» አለች። «ተቀመጡ፣ ወንዝ ድረስ ልውሰዳችሁ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ቢያየኝስ?» አለች ባለቤቴ፤ ቀድማኝ ወጣችና ተመቻችታ ተቀመጠች። እኔም ባዶ ጀሪካን አቅፌ ከጎኗ ተሸጎጥኩ። ሴትየዋ ሳንቃውን በእጇ ያዘችና ልትገፋን ስትል ጣቷን አነሣች።

«ግን ሕግ አለ። የተገፋ...»

«ይገፋል!» አልኩ። «የሸሸ ሳምንት አይቀመጥም!»

እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ አፌ ነው። ያችን ሕግ እንኳን ለባለቤቴ ልነግራት እኔም ረስቻት ኖሬአለሁ። ሴትየዋ ጣቷን እንዳነሣች ቀረች።

«አባባ፣ ማን ነገረህ? ይሄ የልጆች ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ከትልልቆቹ ነው የሰማሁት። በኛ ቋንቋ ስንጫወት እንኳ ይቺን በአማርኛ ነው የምንላት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

እኔ አወቅኩ። የእርሻው ሠራተኛ ከየአገሩ የመጣ ስለነበር ልጆቹ በየቤታችን ሌላ ሌላ ቋንቋ ነበር የምንናገረው፤ ስንጣላና ስንዳኝ ግን አማርኛ ነው የሚያገናኘን። ሕጉ የወጣው በዚያ ነው፤ ንፍጣችን ሳይጠረግ፣ ጭቃ ላይ ቆመን። ፈረንጁ ሄዷል። መፈልፈያው ፈርሷል። ዘበኛው አባቴ አፈር ሆኗል። የእኛ የዚያን ቀን ጩኸት ግን ከልጅ ወደ ልጅ፣ ማንም ሳይጽፈው፣ ማንም አዋቂ ሳያዝበት፣ እዚህ ወንዝ ዳር ደርሶ ጠበቀኝ። ጀሪካኑን ጥብቅ አድርጌ አቀፍኩት።

ባለቤቴ ዞራ አየችኝ። ስታየኝ የኖረችው አፌን ነበር፣ ቀጥዬ ምን እንደምዋሽ። አሁን ዐይኔን አየች።

«ነበርክ» አለች።

ሴትየዋ ገፋችን። ፉርጎዋ አንድ ጊዜ አቃሰተችና ሄደች። ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ ኮረሪማው ሁሉ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመረ። ጡሩምባዬን ልነፋ ከንፈሬን አሾልኩ፤ ነፋስና ምራቅ ብቻ ወጣ። ባለቤቴ ክንዴን ጨብጣ፣ «ቀስ በይ! ቀስ በይ!» ትላለች፤ ድምፅዋ ግን የፍጥኚ ነበር።

ወንዙ ዳር ሴትየዋ ጀሪካኖቿን ሞላች፣ ፉርጎዋ ላይ ደረደረችና እሷም ከመሀላቸው ጉብ ብላ እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

«ግፋ» አለች።

ገፋሁ። ሾላውን ብገፋ ይሻለኝ ነበር። እግሬ ተንሸራቶ በጉልበቴ ጭቃው ላይ ስንበረከክ ባለቤቴ ከሳቋ የተነሣ ዛፍ ተደገፈች። ሴትየዋም እየሳቀች ወረደች።

«ተወው አባባ። ሌላ ቀን ትገፋለህ።»

እሷ ገፋች፤ ባለቤቴም ጉልበቷ እያመማት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከጎኗ ሆና እስከ ላይ ገፍታ በሕጉ የራሷን ዕዳ ከፈለች። እኔ ባርኔጣዬን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ።

ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም፤ ወገቤ እሺ አላለኝም። ባለቤቴ ግን ወደ ቴፒ የሚሄድ ሰው ባገኘች ቁጥር መልእክት ትልካለች፤ «እዚያ መንገድ ላይ አንዲት የሸኮ ሴት አለች። ባለቤቴ አንድ ግፊያ አለበት፣ አልካደም በልልኝ።»