እናቴ በፖላንድኛ ልብ ወለድ ውስጥ

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ምሽት እናቴ ልትሸኘኝ ደጅ ድረስ እንኳ አልወጣችም። ታክሲው ቆሞ እየጠበቀኝ እሷ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣ «ሹራብሽን እንዳትረሺ» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ አጠገብ ኦፕፊኮን በምትባል ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ከረምኩ። ከዚያ ትምህርት ቤት የቀመስኳትን ፈረንሳይኛ ተማምኜ ወደ ጄኔቭ አቀናሁ።

«ለምን ከዙሪክ ወጡ?» አለኝ የፐርሚ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሠራተኛው።

«ጀርመንኛቸው አልገባኝ ብሎ።»

«እኛም አይገባንም» አለና ማህተሙን አሳረፈልኝ።

ከጄኔቭ ወጣ ብላ ባለችው ቨርሷ፣ ሐይቁ ዳር፣ አንዲት ፖላንዳዊት አረጋዊት መንከባከብ ጀመርኩ። ማዳም ሄሌና የመሳፍንት ዘር ናቸው። በልጅነታቸው ጦርነት ሲመጣ እናታቸው ከአክስታቸው ጋር በጋሪ አሳፍረው ላኳቸው፤ እናትየዋ ግን እዚያው ቀሩ። ማዳም እዚህ አገር ልብስ እየሰፉ አሥራ አንድ ልብ ወለድ ጻፉ፣ ሁሉንም በፖላንድኛ። ጎረቤቶቻቸው አንዱንም አላነበቡም። የቀይ ሥር ሾርባቸውን ስቀምስ፣ ያን ያህል ቀልቶ በርበሬ የሌለው ነገር አፌን ግራ አጋባው፤ አሁን ግን ለምጄዋለሁ።

አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ ከእናታቸው ጋር የተሰነባበቱበት ላይ ሲደርስ ቆመ። የእናታቸው ፊት ጠፍቷቸዋል።

«አንቺን እናትሽ እንዴት ሸኘችሽ?» አሉኝ አንድ ቀን። ነገርኳቸው።

በሳምንቱ የጻፉትን በፈረንሳይኛ አነበቡልኝ። አንዲት የመስፍን ሚስት እጇን አረፋ ውስጥ ነክራ ልጇን ትሸኛለች። ደሜ ፈላ።

«ማዳም፣ ይቺ እኮ የእኔ እናት ናት።»

«አውቃለሁ። የእኔ እናት ልብስ አጥባ አታውቅም» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ግን ስጽፋት ፊቷ ታየኝ። ካልፈቀድሽ እሰርዘዋለሁ።»

«የታሪኩን ባለቤት ልጠይቅ» ብዬ ለእናቴ ደወልኩ።

እናቴ ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች። «እኔ የመስፍን ሚስት? ይተዉት፣ ደስ ይላል።» ሳቋን ገታ አድርጋ፣ «ግን እጄን ያላወጣሁት ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነው። እሱንም ይጻፉት» አለች።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ስተረጉምላቸው ማዳም ብዕራቸውን አነሱ።

«ሴትዮዋ አገራቸው ተመልሰው ያውቃሉ?» አለች እናቴ።

«አንዴ። ቤታቸው ትምህርት ቤት ሆኗል። ልጆቹ ሲጫወቱ አይተው ተመለሱ።»

«አንቺስ?»

«ክረምቱ ሲያልፍ እመጣለሁ» አልኳት።

የየትኛው አገር ክረምት እንደሆነ አልጠየቀችኝም።