«እርስዎ ይቅደሙ» የሚል ኮምፒውተር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከፈጸምኳቸው ሞኝነቶች ትልቁ ይህ ነው፤ ጸጉሬ በቦታው በነበረበት ዘመን የነበሩትን የመሰለ ኮምፒውተር በገዛ እጄ ልገጣጥም ተነሣሁ። ዕቃው ተፈታትቶ በትንሽ ካርቶን ይመጣል፤ እያንዳንዷን ቁራጭ ሰሌዳው ላይ መበየድ የገዢው ፋንታ ነው። መነጽር በመነጽር ደርቤ፣ ስዊድን አገር ፊቲያ በሚገኘው ቤታችን የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ በረዶው ከጣለ እስኪቀልጥ በየድኩ። አንድ ጣቴንም አብሬ በይጃታለሁ።

ማሽኑ ስክሪን የለውም። ሐሳቡን በሽቦ ለላፕቶፔ ይነግረዋል፣ ላፕቶፑ ደግሞ ለእኔ ያሳየኛል። አንድ ሽቦ መናገሪያ፣ አንድ ሽቦ መስሚያ፣ አንዱ የጋራ። ዕድሜ ልኩን በስልክ መሐንዲስነት የኖረ ሰው ሦስት ሽቦ ያቅተዋል ብላችሁ ነው? አቃተው።

መጀመሪያ አፍን ከአፍ፣ ጆሮን ከጆሮ አገናኘሁ። ሁለቱም ሲለፈልፉ የሚሰማ ጠፋ። እሱን አስተካክዬ አፍን ለጆሮ ስሰጥ ደግሞ ስክሪኑ በጥያቄ ምልክትና በትናንሽ ሳጥኖች ተሞላ። ለካ አንዱ ሲያንበለብለው ሌላው ገና እስክሪብቶ እየፈለገ ነው። ፍጥነታቸውን ላስማማ የማስተካከያውን ገጽ ከፈትኩና አንድ ምርጫ አየሁ፤ «ከመናገርህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ዓይነት። ደስ አለኝ። ሳያስፈቅድ የሚያወራ ማሽን በእኛ ቤት አያምርም። በሁለቱም በኩል አበራሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭጭ አሉ።

ባለቤቴ ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እየበላች ሌላ ሦስት ሳምንት ታገሠች። በአራተኛው ሹካዋን አስቀመጠች።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ እሁድ ማኅበሩ እኛ ቤት ነው። ወይ እስከ ቅዳሜ ቀትር ይህ ነገር ይናገራል፣ ወይ ፎሮድ ይወርዳል።»

ፎሮድ ከሕንፃው ሥር ያለው የዕቃ ማስቀመጫችን ነው። እዚያ የወረደ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ብስክሌቴ ወርዷል፣ ጊታሬ ወርዷል፣ የምወደው ወንበር ወርዷል። ከማሽኑ ቀጥሎ ተረኛው እኔ እንደሆንኩ እጠረጥራለሁ።

ቅዳሜ ቀትር ሆነ፤ አልተናገረም። የሚሸከምልኝ ስፈልግ ወዳጄ ከኡፕላንድስ ቬስቢ በፔንደልቶግ ባቡር፣ ከዚያም በምድር ውስጡ ባቡር በቱነልባና ከተማውን አቋርጠው መጡ። ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር ናቸው። አርባ ዓመት ተዋውቀን ዛሬም አንቱ እንባባላለን፤ ታላቁ ማን እንደሆነ ልንስማማ አልቻልንም፣ ሁለታችንም ታናሽ ነን ባዮች ነን።

«ነፍስ ይማር» አሉ ማሽኑን አይተው።

በልብስ ቅርጫት አድርገን ሊፍቱ ጋ ደረስን። ቅርጫቱን ወደ ውስጥ ገፋ አደረግሁና ዞር አልኩላቸው።

«ይግቡ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በፍጹም! እንግዳ ነዎት።»

«ኀዘንተኛው እርስዎ ነዎት፤ ይግቡ እንጂ።»

«በእግዚአብሔር!»

«እኔ ልሙት!»

በሩ ተዘጋ። ማሽኑ ብቻውን ወረደ።

ከአምስተኛ ፎቅ በደረጃ መውረድ ጀመርን፤ ጉልበቴ በየደረጃው አስተያየት ይሰጣል። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ወዳጄ ልቤ መስሏቸው ክንዴን ያዙኝ።

«ልክ እንደ እኛ ናቸው!» አልኩ።

«እነማን?»

«ማሽኑና ላፕቶፑ! ሁለቱም ይግቡ እስኪባሉ ቆመዋል። ፈቃዱ የሚተላለፍበት ሽቦ ደግሞ አልዘረጋሁላቸውም።»

«እና ዲዳ ያደረጓቸው እርስዎ ነዎታ!»

«ጨዋ ነው ያደረግኋቸው።»

ምድር ቤት ስንደርስ ሊፍቱን የጠራችው ስዊድናዊት ጎረቤታችን ግድግዳውን ተደግፋ፣ የሳሙና ካርቶኗን እንደ ጋሻ ይዛ ቆማለች። ሽቦ የበዛበት ሳጥን ብቻውን በሊፍት ሲመጣባት ምን ታድርግ?

«የእኔ ነው፤ አይፈነዳም» አልኳት በስዊድንኛ። «መናገር እንኳ አልቻለም።»

የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ በተራ ከሚያጥብበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል መብራት እንድታውሰኝ ለመንኳት። ሰዓቷን አየች። ተራው የእሷ ነው፤ ግን ማድረቂያዋ እስኪጨርስ ፈቀደች። ለባለቤቴ ደውዬ ላፕቶፑንና ሽቦውን ይዛ እንድትወርድ ነገርኳት። የመጣችው ልትቀብረው እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቃል።

ግድግዳው ላይ «የማድረቂያውን ማጣሪያ አጽዱ!!» የሚል የተቆጣ ማስታወቂያ በሁለት የወረቀት ክሊፕ ተይዟል። ክሊፖቹን ነቀልኩ። ወዳጄ ወረቀቱን በመዳፋቸው ግድግዳው ላይ ደግፈው ቆሙ። እኔ በሁለቱም ጫፍ የፈቃድ መጠየቂያውን እግር ከፈቃድ መቀበያው ጋር በክሊፕ አገናኘሁ። እያንዳንዱ ራሱን ይጠይቃል፣ ለራሱ ይፈቅዳል። ብልግና ነው፤ ግን ማብሪያውን ስጫን ስክሪኑ ላይ «ዝግጁ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ብቅ አለ።

ወዳጄ ሊያጨበጭቡ ሲሉ ማስታወቂያው ወደቀ።

በላቲን ፊደል «ሰላም» ብዬ ጻፍኩለት። መለሰልኝ።

«ምን አለ?» አለች ባለቤቴ።

«ተሳስተሃል አለኝ።»

«እስቲ ድገምለት።»

ደገምኩ። አሁንም ተሳስቻለሁ። በሚያውቀው ቋንቋ ካላዘዙት መልሱ ያ ብቻ ነው። ባለቤቴ ማድረቂያውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ይሄማ ፎሮድ አይገባም!» አለች። «ሠላሳ ዓመት ብቻዬን ስለፋ የሚያግዘኝ አገኘሁ። ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቀመጣል። ጠረጴዛዬን ግን አሁኑኑ ትጠርጋለህ።»

ማድረቂያው ጮኸ፤ ጎረቤታችን ሰዓቷን አሳየችን። ጠቅልለን ወጣን። ባለቤቴ ቅርጫቱን ታቅፋ ማንንም ሳትጠይቅ ሊፍቱ ውስጥ ገባች።

«ይግቡ» አልኳቸው ወዳጄን።

«ኧረ ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው፣ ይቅደሙ!»

«በፍጹም…»

በሩ ተዘጋ። ሳቋ እስከ አምስተኛ ፎቅ ይሰማን ነበር።